ከ«ደረሰኝ» እስከ «መጠባበቂያ»፤ የሒሳብ አያያዝ ቃላት ታሪክ በአዋሽ ሸለቆና የመምህራን ዝግጅት

ሀ. መግቢያ

አንድ ቃል ሁለት ወይም ሦስት ፍች ሲኖረው ለባለቅኔ ሀብት ነው፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ስሕተት ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በአገራችን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች በሕግ ተፈጻሚ እንዲሆኑ ተደርጓል። በዚህም ምክንያት በየዩኒቨርሲቲው የሚገኙ የሒሳብ አያያዝ መምህራን፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ተማሪ ሳሉ ያልተማሩትን ሥርዐት እንዲያስተምሩ ተጠየቁ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ መምህራን የሚሰጠው ሥልጠና የስያሜን ጉዳይ ወደ ጎን ትቶ ሊሳካ እንደማይችል ከቃላቱ ታሪክ ተነሥቶ ማሳየት ነው። ምሳሌዎቻችንን ከአዋሽ ሸለቆ፣ በተለይም ከአዋሽና ከሰመራ ከተሞች አካባቢ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚህ የንግድ መሥመር ላይ የተለያዩ የሒሳብ አያያዝ ልማዶች በየዘመናቸው አልፈውበታል፤ እያንዳንዱም ቃላቱን ጥሎ ሄዷል። ሁለተኛ፣ በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰመራ ዩኒቨርሲቲ መምህር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ደረጃ፣ ከየክልሉ ለመጡና ከፊሎቹ አፋርኛ አፋቸውን ለፈቱ ተማሪዎች ያስረዳል፤ በማብራሪያውም መካከል አማርኛ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ የስያሜ ጉድለት ከሁሉ አስቀድሞ የሚገለጠው በእንዲህ ያለው ክፍል ውስጥ ነው።

ለ. የቃላቱ ንብርብር

ከሁሉ በፊት ያለው ንብርብር የግእዝ ነው። «ሐሰበ» በግእዝ ማሰብም መቁጠርም ነው፤ «ባሕረ ሐሳብ» የተባለው የዘመን አቆጣጠር ትምህርት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በኋላ አማርኛ «ሐሳብ»ን ለአእምሮ ሥራ ትቶ፣ ለቍጥርና ለገንዘብ «ሒሳብ» የሚለውን የዐረብኛ መልክ ያዘ። ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው በገንዘብነት ሲያገለግል፣ ቅፍለቱም ወደ ባሕር ጠረፍ ሲመላለስ በቆየበት ዘመን፣ «ሰነድ» እና «ኪሳራ» ከዐረብኛ፣ «ጉምሩክ» ደግሞ ከቱርክኛ በንግድ መንገድ መጥተው ሥር ሰደዱ። ከራሱ ከአማርኛ የበቀሉትም አሉ። «ወለድ» ብር እንደ ከብት እንደሚወልድ የሚቆጥር ቃል ነው። «ደረሰኝ» የተባለው ደግሞ ተቀባዩ «ገንዘቡ ደረሰኝ» ብሎ የሚያረጋግጥበት ግሥ ሳይለወጥ ስም ሆኖ የቀረ ነው፤ ይህን ያህል ግልጽ የሙያ ስያሜ በማንኛውም ቋንቋ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ንብርብር የባቡር ሐዲዱ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አዋሽ የባቡር ጣቢያ ከተማ ሆና ተቈረቈረች። ኩባንያው ሥራውን የሚያካሂደው በፈረንሳይኛ ስለ ነበረ «ለገሃር»፣ «ቡፌ»፣ «ቢሮ» እና «ፋክቱር» ከዚሁ ቋንቋ ገቡ። ይህ የፈረንሳይኛ ዝንባሌ በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በረታ። ሕጉን በመጀመሪያ ዣን ኤስካራ፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላም አልፍሬድ ዦፍሬ በፈረንሳይኛ አርቅቀውት ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ። «አክሲዮን» የሚለው ቃል በዚህ ሕግ ጸንቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም አልተወውም።

ሦስተኛው ንብርብር የእርሻ ኩባንያዎች ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በዱብቲና በአካባቢው የተንዳሆን የጥጥ እርሻ አቋቋመ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም በ1954 ዓ.ም. ተመሠረተ። በእነዚህ ዓመታት «ሌጀር»፣ «ኦዲት»፣ «ዴቢት»፣ «ክሬዲት» እየተለመዱ ሄዱ። በ1967 ዓ.ም. ትላልቅ እርሻዎች በመንግሥት ይዞታ ሥር ሲገቡ ደግሞ «ዕቅድ»ና «ክንውን» የሪፖርቱ ዋና ቃላት ሆኑ።

እንግዲህ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የግእዝ፣ የዐረብኛ፣ የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ ንብርብር ተከማችቷል። መበደሩ በራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ሲያርፍ የትኛው ቃል የትኛውን ጽንሰ ሐሳብ እንደሚወክል ለይቶ የሚመድብ አለመኖሩ ነው።

ሐ. የመምህሩ ታሪክ

የሒሳብ አያያዝ ዘመናዊ ትምህርት በአገራችን ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ከ1950ዎቹ ወዲህም በዩኒቨርሲቲው የንግድ አስተዳደር ኮሌጅ ሲሰጥ ኖሯል። ለረጅም ጊዜ የማስተማሪያ መጻሕፍቱ በአብዛኛው የአሜሪካን ልማድ የተከተሉ ነበሩ። ተማሪው የሚለካው ሂደቱን በቃሉ ይዞ የዴቢቱንና የክሬዲቱን ምዝገባ በትክክል በመሥራቱ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የሒሳብ አያያዝና የኦዲት ግምገማ፣ በኢትዮጵያ በሕግ የተደነገገ የሒሳብ ደረጃ አለመኖሩንና ትምህርቱም መጠናከር እንደሚያሻው አመለከተ።

አዲሱ ሥርዐት ከቀድሞው የሚለየው በመሠረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በለንደን የተመሠረተው ኮሚቴ፣ ከ2001 ወዲህም እርሱን የተካው ቦርድ ያወጧቸው ደረጃዎች በሙያ ፍርድ ላይ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ ለመምህራን የሚመከረው ማዕቀፍን መሠረት ያደረገ አስተማሪነት ነው፤ ይኸውም መምህሩ ከምዝገባው ሳይሆን ከጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፉ ተነሥቶ «ሀብት ምንድን ነው? ዕዳ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጀምር የሚጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በተሻሻለው ማዕቀፍ መሠረት ሀብት ማለት ባለፈ ድርጊት ምክንያት ተቋሙ ዛሬ የሚያዝበት ኢኮኖሚያዊ ምንጭ ነው። ማዘዝና ባለቤት መሆን አንድ አይደሉም። በአማርኛ ግን «ሀብት» ስንል የምናስበው የባለቤቱን ነው። በኪራይ የያዘውን መኪና በሀብቱ መዝገብ የሚያገኝ የትራንስፖርት ማኅበር የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ምዝገባን ማስተማር ያለ ስያሜ በመጠኑም ቢሆን ይቻል እንደ ነበረ፣ ፍችን ማስተማር ግን ያለ ስያሜ ከቶ እንደማይቻል ነው።

መ. አንድ ቃል፣ ሦስት ቦታ

ለዚህ ከሁሉ የከፋው ማስረጃ «መጠባበቂያ» ነው። ቃሉ ከ«ተጠባበቀ» የወጣ ሲሆን ለክፉ ቀን የሚቀመጥን ነገር ያመለክታል። በሥራ ላይ ግን ለሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች ሲነገር እንሰማለን። ልዩነታቸውን በቍጥር እናሳይ።

አንድ አክሲዮን ማኅበር በዓመቱ 1,000,000 ብር አተረፈ እንበል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ከተጣራው ትርፍ ከሃያ እጅ አንዱ፣ ማለት 5 በመቶ፣ የተጠራቀመው የካፒታሉ 10 በመቶ እስኪሆን ድረስ በሕጋዊ መጠባበቂያነት እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር። ማኅበሩ 50,000 ብር አስቀመጠ። ትርፉ አሁንም 1,000,000 ብር ነው፤ 50,000ውም የባለአክሲዮኖቹ ነው፤ እንዳይከፋፈል ብቻ ታግዷል።

ሁለተኛ፣ ያው ማኅበር ጭነት አበላሽቶ በፍርድ ቤት ተከሷል፤ 50,000 ብር መክፈሉም የማይቀር መስሏል። ይህን በመዝገብ ሲያስገባ ትርፉ ወደ 950,000 ብር ይወርዳል። ይህ የባለአክሲዮኖች ገንዘብ አይደለም፤ ጊዜው ወይም መጠኑ ያልተቆረጠ ዕዳ ነው።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ በዱቤ ከሸጠው 50,000 ብር እንደማይሰበሰብ ገመተ። እዚህም ትርፉ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዕዳ አልተፈጠረም፤ የተነካው ሀብቱ ነው፤ ከሚሰበሰበው ሒሳብ ላይ ይቀነሳል።

በሦስቱም ቦታ የሒሳብ ሠራተኛው «መጠባበቂያ ያዝን» ይላል። አንዱ ካፒታል፣ አንዱ ዕዳ፣ አንዱ የሀብት ቅናሽ ነው። ብድር ለመስጠት መዝገቡን የሚያይ ባንክ ወይም ግብር የሚያስከፍል ሹም «መጠባበቂያ 50,000» የሚለውን በአማርኛ ብቻ ቢያነብ ማኅበሩ ጠንክሯል ወይስ ተጎድቷል ለማለት አይችልም። ለተማሪው ደግሞ ችግሩ የባሰ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሦስት ስም የተሰጠውን በአእምሮው አንድ ያደርገዋል።

እኛ የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። «መጠባበቂያ» በሕግ ስለ ጸና ለመጀመሪያው ብቻ ይወሰን። ሁለተኛው «ግምታዊ ዕዳ» ይባል፤ ዕዳነቱ በስሙ ይታይ። ሦስተኛው «የማይሰበሰብ ሒሳብ ቅናሽ» ይባል፤ ቅናሽነቱ በስሙ ይታይ። ስያሜዎቹ ከዚህ የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መለየታቸው ግን የግድ ነው።

ሠ. ገበያው የሚያውቀው ቃል

ስያሜ ሁልጊዜ አዲስ መፈጠር የለበትም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ደረጃዎቹ ስለ ዋጋ የሚናገሩት ነው። አንድ ሀብት በመለኪያው ቀን በገበያ ተሳታፊዎች መካከል በተለመደ ግብይት ቢሸጥ የሚያስገኘው ዋጋ፣ ቃል በቃል ተተርጕሞ «ፍትሐዊ ዋጋ» ወይም «ትክክለኛ ዋጋ» ሲባል እናያለን። ሁለቱም ያሳስታሉ፤ ጉዳዩ ፍትሕን አይመለከትም፤ ሌላው ዋጋም ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም።

በአፋር የከብት ገበያ ሻጭና ገዢ በአማርኛ ሲገናኙ ጥያቄው «ይህ ግመል ስንት ያወጣል?» የሚል ነው። ደረጃው የሚለው በትክክል ይህንኑ ነው። የሚደንቀው ደግሞ ተቃራኒው ጽንሰ ሐሳብ፣ ማለት ለሀብቱ በቀድሞ ጊዜ የተከፈለው ገንዘብ፣ በዚያው ግሥ መነገሩ ነው፤ «ስንት አወጣህበት?» እንላለን። ስለዚህ «የሚያወጣው ዋጋ» እና «የወጣበት ዋጋ» ብንል፣ በአንድ ሥር ሁለቱን የመለኪያ መሠረቶች ለይተን እናገኛለን።

ምሳሌው ለትምህርቱም ይረዳል። የግብርናው ደረጃ ሕይወት ያላቸው እንስሳት በሚያወጡት ዋጋ፣ የመሸጫ ወጪ ተቀንሶ፣ እንዲለኩ ያዝዛል። ለመድኃኒት መግዣ ቸኵሎ በማለዳ ግመሉን በርካሽ የሰጠ ሰው ያገኘው ብር ለመለኪያ አይሆንም፤ በግዴታ የተደረገ ሽያጭ የተለመደ ግብይት አይደለምና። ድርቅ መጥቶ የገበያውን ዋጋ በጠቅላላው ካወረደው ግን ያ የወረደው ዋጋ የዕለቱ ዋጋ ነው። ይህን ልዩነት የአርብቶ አደር ልጅ ከመጽሐፉ በፊት ያውቀዋል፤ መምህሩ የሚጨምርለት ስሙን ነው።

በከሰምና በተንዳሆ የሸንኮራ አገዳ ላይም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። ጉቶው አንድ ጊዜ ተተክሎ ደጋግሞ ስለሚታጨድ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ እንደ ማሽን በወጣበት ዋጋ ተይዞ እርጅና ሊታሰብለት ይችላል፤ በላዩ የሚያድገው አገዳ ግን በሚያወጣው ዋጋ ይለካል። «እርጅና» እዚህ ላይ ማርጀትን ሳይሆን ወጪን በአገልግሎት ዘመን ማከፋፈልን ያመለክታል። ቃሉ በግብር ሕግ ስለ ጸና አይነቀልም፤ ፍቹ ግን በመዝገበ ቃላት መወሰን አለበት።

ረ. ማጠቃለያ

ደረጃዎቹን የሚያስተዳድረው ተቋም ለትርጕም የሚከተለው ሥርዐት ለእኛም አርአያ ይሆናል። በአንድ ቋንቋ አንድ ትርጕም ብቻ ይፈቀዳል፤ ከጽሑፉም አስቀድሞ ቍልፍ ቃላቱ ተለይተው በባለሙያዎች ጉባኤ ይጸድቃሉ። የእኛ ልማድ ግን በተቃራኒው ሲሄድ ቆይቷል፤ አስቀድሞ ሰነዱ ይተረጐማል፤ ቃሉ በየተርጓሚው እጅ ይለያያል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በመምህራን ሥልጠና ውስጥ የስያሜ ክፍለ ጊዜ ይኑር፤ መምህሩ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ ፍቹን፣ የአማርኛውን ስያሜና ከአካባቢው የተወሰደ ምሳሌ በአንድነት ያዘጋጅ። ሁለተኛ፣ የቋንቋ አጥኚው በጉባኤው የሚገኘው ጽሑፍ ለማረም ሳይሆን ጽንሰ ሐሳብን ከስም ጋር ለማገናኘት ይሁን። ሦስተኛ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈው አፋርኛ ስያሜዎቹን በአማርኛ በኩል ተርጕሞ እንዲቀበል አይገደድ፤ ከፍቹ ተነሥቶ ከራሱ ገበያ ይምረጥ። ያለዚያ የእኛ የ«መጠባበቂያ» ግራ መጋባት ወደ እርሱም ይሻገራል።

ደረጃዎቹ ይለወጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የወጣው አሥራ ስምንተኛው ደረጃ የመግለጫዎችን አቀራረብ የሚወስነውን የቀድሞውን ደረጃ ከ2027 ጀምሮ ይተካል። ከጽንሰ ሐሳብ ጋር በሚገባ የተቆራኘ ስያሜ ግን ከደረጃዎቹ ይልቅ ይቆያል። «ደረሰኝ» ያለ ማንም ድንጋጌ እስካሁን የኖረው፣ ሰጪም ተቀባይም በአንድ ፍች ስለሚያውቁት ነው።