«ቢቃጠልስ?»

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ለቅዳሜ የሚሆን ወሬ አላጣንም። ዚፕላይን የሞከረ ያውቀዋል፤ ወገብና ጭኑን ጥፍር አድርገው ሳያስሩት አይለቁትም። ስለ ጎ-ካርት ግን አንድ የሚገርም ነገር እንንገራችሁ፤ በዓለም ሻምፒዮና የሚሮጠው የውድድር ካርት ቀበቶ የለውም። ረስተውት አይደለም። ካርት ሹፌሩን የሚከልል የብረት ቀፎ ስለሌለው፣ ሲገለበጥ ከሥሩ ታስሮ ከመጨፍለቅ ተስፈንጥሮ መንከባለል ይሻላል ተብሎ ነው።

ይህ ስሌት በአንድ ወቅት የትልልቆቹም መኪኖች ስሌት ነበር። በ1950ዎቹ (የውጭውን ታሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንሂድበት) የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪዎች ሳይታሰሩ ነበር የሚነዱት። ፍርሃታቸው እሳት ነው። ቤንዚን ታቅፎ የሚሮጥ ሰው «ቢቃጠልስ?» ቢል አይፈረድበትም። ጃኪ ስቱዋርት በ1966 ቤልጅየም፣ ስፓ ላይ ተጋጭቶ፣ ቤንዚን በሚፈስበት መኪና ውስጥ 25 ደቂቃ ያህል ተቀርቅሮ ቆየ። ያወጡት ሁለት ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ መፍቻውንም የተዋሱት ከተመልካች ነው! ከዚያ ወዲህ ስቱዋርት መፍቻ መሪው ላይ ለጥፎ ይወዳደር ጀመር።

በቤት መኪና በኩል መልሱ ቀድሞ መጥቶ ነበር። ኒልስ ቦሊን የሚባለው ስዊድናዊ መሐንዲስ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን ባለሦስት ነጥብ ቀበቶ በ1959 ለቮልቮ ሠራ። ሰውዬው ከዚያ በፊት ሥራው ምን መሰላችሁ? አብራሪን ከአውሮፕላን የሚያስፈነጥር ወንበር መሥራት።

የውድድሩ ዓለም ግን በደም ነው የተማረው። ዮኸን ሪንት በ1970 ሞንዛ ላይ ቀበቶ አስሮ ነበር፤ በጭኖቹ መሀል የሚያልፈውን ማሰሪያ ብቻ፣ እሳት ቢነሳ ቶሎ ልውጣ ብሎ ተወው። መኪናው አጥሩን ሲመታ ገላው ወደ ታች ሾለከ፤ ያው ቀበቶ ጉሮሮው ላይ አረፈ። የዓመቱን ሻምፒዮንነት ያገኘው ከሞተ በኋላ ነው። ባለስድስት ነጥቡ ማሰሪያ በፎርሙላ ዋን ግዴታ የሆነው በ1972 ነው።

በዚያው በ1970 አሜሪካ፣ ዳርሊንግተን ላይ የሪቻርድ ፔቲ መኪና ሲገለባበጥ እጁ በመስኮት ወጥቶ ሲወዛወዝ ሕዝብ አየ። ፔቲ ተረፈ፤ የሹፌሩን መስኮት የሚሸፍነው መረብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገላውም፣ እጁም ታሰረ። ጭንቅላትስ? ሮበርት ሃባርድና ጂም ዳውኒንግ የራስ ቁርን ከትከሻ ጋር የሚያያይዝ መሣሪያ በ1980ዎቹ ሠርተው ነበር፤ ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ግን አይመችም ብለው ናቁት። ዴል ኧርንሃርት በየካቲት 2001 ዴይቶና ላይ ያለሱ ተጋጭቶ ሞተ። ናስካር እንዲህ ያለ መሣሪያን በዚያው ዓመት፣ ፎርሙላ ዋን ደግሞ ይህንኑ በ2003 ግዴታ አደረጉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቤድ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ መኪና ነድቶ አዲስ አበባ ሲገባ ቀበቶ የሚባል ነገር በመኪና ላይ የተለመደ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ቀበቶ አለማሰርን በጥፋት መዘገበው። ታዲያ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስንወርድ ምን እናያለን? ሹፌሩ ትራፊክ ሲያይ ቀበቶውን ደረቱ ላይ ጣል ያደርጋል፣ ሳይቆልፈው። ጋቢና የተቀመጠው ደግሞ «ቢቃጠልስ?» ይላል። የ1950ዎቹ ሰዎች ይህን ሲሉ መኪናቸው ልክ ያደርጋቸው ነበር፤ በዛሬው መኪና ግን ከሚቃጠለው ይልቅ በመስታወት ወጥቶ የሚሞተው ይበዛል።

ከኋላ ያለነውስ? ከሚኒባሶቻችን ብዙዎቹ ለዕቃ ተሠርተው የመጡ ናቸው። ወንበሩን የበየደው የሰፈር ጋራዥ ነው። በግጭት ጊዜ ወንበሩ ራሱ ከወለሉ ከተነቀለ፣ ቀበቶ ቢገጠምለትስ ከምን ጋር ነው የሚያስረን?