ከቡድን መድረክ ወደ ብቸኛ ጉዞ፦ የ«የኛ» አባል የነበረችው ድምፃዊት ራሔል ጌቱ

አማኑኤል፦ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ማቻከል ወረዳ፣ በአማኑኤል ከተማና በዙሪያዋ፣ ጳጉሜን ሲገባደድ የልጃገረዶች ዜማ ከመስኩ ይሰማል። በእንግጫ ነቀላ አንዷ ታወርዳለች፤ ጓደኞቿ ይቀበሏታል። ሣሩ ተነቅሎ፣ አደይ አበባው ተቀጥፎ፣ አዲሱ ዓመት በኅብረት ዝማሬ ይገባል። አውራጇ ድምፀ መልካም ብትሆንም ብቻዋን ቆማ አትዘፍንም፤ ተቀባዮቿ ዜማዋን ይሸከሙላታል፤ ከሰው ዓይንም ይከልሏታል።

በዘመናዊው ሙዚቃም የሴት ልጆች ቡድን ለአባላቱ የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጥያቄው የሚነሣው አንዷ አባል ከቡድኑ ወጥታ በራሷ ስም ለመዝፈን ስትነሣ ነው። በአገራችን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ድምፃዊት ራሔል ጌቱ ናት።

የ«የኛ» አመሠራረት

«የኛ» በ2005 ዓ.ም. ለአድማጭ የቀረበ፣ አምስት ወጣት ሴቶችን ያሰባሰበ የሙዚቃና የሬዲዮ ድራማ ቡድን ነው። አባላቱ ራሔል ጌቱ፣ ዘቢባ ግርማ፣ ተረፍ ካሣሁን፣ ለምለም ኃይለ ሚካኤልና ኢየሩሳሌም ቀለመወርቅ ነበሩ። እያንዳንዷ በድራማው ውስጥ የራሷ ገጸ ባሕርይ ነበራት። ታሪኩ ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትንና ከትምህርት ገበታ መቅረትን ያነሣ ነበር። ድራማው በአዲስ አበባና በአማራ ክልል በሬዲዮ ይተላለፍ ስለነበር ቴሌቪዥን ያልገባበት የገጠር ቤት ሳይቀር ሊደርሰው ችሏል።

ቡድኑ «አቤት» በተሰኘው ሙዚቃው ታወቀ፤ ቀጥሎም «ጣይቱ» የተባለውን ሥራ ከአንጋፋዋ ድምፃዊት አስቴር አወቀ ጋር ሠራ። ከበስተጀርባው የነበረው በናይኪ ፋውንዴሽን የተመሠረተው ገርል ኢፌክት የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ተራድኦ ተቋም የገንዘብ ድጋፍ ያደርግለት ነበር።

ይህ ድጋፍ በእንግሊዝ ጋዜጦች ዘንድ ብርቱ ነቀፌታ ገጠመው። ጋዜጦቹ ቡድኑን «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» ብለው ሰየሙት፤ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለሙዚቃ መዋሉንም ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2017 መጀመሪያ ተቋሙ ድጋፉን ማቋረጡን አስታወቀ። «የኛ» በዚህ ሳያበቃ ቆይቶ በአዳዲስ ተዋንያን ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ተሸጋግሯል። ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ እውነት አሳይቷል፤ በእርዳታ ገንዘብ የቆመ መድረክ፣ በላዩ የሚቆሙት ሴቶች ምንም ያህል ቢተጉ፣ ዕጣው የሚወሰነው እነርሱ በሌሉበት ሸንጎ ነው።

ከቡድኑ በኋላ

ራሔል ከቡድኑ በኋላ በራሷ ስም መሥራት ጀመረች። «ጥሎብኝ»ን የመሳሰሉ ሥራዎቿ በአድማጭ ዘንድ አስተዋወቋት፤ «እቴሜቴ» የተሰኘ አልበምም አቀረበች። የአልበሙ ስያሜ በልጅነት ጨዋታ የምናውቀው፣ የእናቶችንና የልጃገረዶችን አፍ የሚያስታውስ የፍቅርና የአክብሮት መጠሪያ ነው።

በዚህ ሽግግር ዋናው ለውጥ የይዘት ነው። በቡድኑ ውስጥ ዘፈኑ የሚያገለግለው አስቀድሞ የተወሰነ መልእክት ነበር፤ ድምፃዊቷም የምትሰማው ከገጸ ባሕርይዋ ጋር ተዳብላ ነው። ብቸኛዋ ድምፃዊት ግን ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን ራሷ መምረጥ አለባት። በአገራችን አሠራር የመጀመሪያ አልበም የምታወጣ ድምፃዊት ከገጣሚ፣ ከዜማ ደራሲና ከአቀናባሪ ጋር በየፊናው ትዋዋላለች፤ የስቱዲዮውም ወጪ አለ። አሳታሚ ወይም ደጋፊ ካልተገኘ ሸክሙ በእርሷ ትከሻ ላይ ያርፋል።

ገበያውም ተለውጧል። የካሴትና የሲዲ ሽያጭ ሲዳከም ድምፃውያን ወደ ዩቲዩብና ወደ ስልክ መተግበሪያ ዞረዋል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስ፣ ጆኒ ራጋና ዳዊት ነጋ ሥራ ያስጀመሩት «አውታር» የተሰኘው የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ፣ ባለሙያው ከሥራው ተገቢውን ድርሻ እንዲያገኝ የታሰበ ነበር።

በአገር ውስጥና በውጭ የነበሩ ቀዳሚዎች

ከኅብረት ወጥቶ ስም መትከል ለኢትዮጵያ ሴት ድምፃውያን አዲስ አይደለም። ብዙነሽ በቀለ ከክብር ዘበኛ፣ ሒሩት በቀለ ከፖሊስ የሙዚቃ ክፍል ጋር ሠርተው ታውቀዋል። አስቴር አወቀም በአዲስ አበባ ከተለያዩ ባንዶች ጋር ከዘፈነች በኋላ ነው በራሷ ስም የገነነችው።

በውጭው ዓለም ዳያና ሮስ እ.ኤ.አ. በ1970 ከሱፕሪምስ ወጥታ ለረጅም ዘመን በብቸኝነት ዘፍናለች። ጄሪ ሃሊዌል በ1998 ስፓይስ ገርልስን ትታ በማግሥቱ ዓመት የራሷን አልበም አውጥታለች። ቢዮንሴ ደግሞ በ2003 የመጀመሪያ ብቸኛ አልበሟን ስታወጣ ቡድኗ ገና አልተበተነም ነበር። የሦስቱ መንገድ ቢለያይም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ቡድኑ ያስገኘላቸው ዝና የመጀመሪያውን ጆሮ ያመጣል እንጂ ሁለተኛውን ሥራ አይሸጥም።

ሕጉ ምን ይላል?

ከቡድን የምትወጣ ድምፃዊት ይዛ የምትወጣው ድምፅዋንና ስሟን ነው፤ ዘፈኖቹን ግን ሁልጊዜ ይዛ አትወጣም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን፣ የከዋኝንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰርን መብት ለያይቶ ይደነግጋል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የከዋኟ መብትም ለ50 ዓመት የሚዘልቅ ጥበቃ አለው። ሆኖም በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተደረሰ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ይሆናል። ስለዚህ በቡድን ውስጥ ግጥም ወይም ዜማ የምትደርስ ወጣት መብቷን የምታስከብረው ስትወጣ ሳይሆን ስትገባ፣ ውሉን ስትፈርም ነው።

ለገጠሯ ልጃገረድ

በገጠሩ አካባቢያችን ዘፋኝነት ለሴት ልጅ እንደ ነውር የሚታይበት ቤት ዛሬም አለ። በእንግጫ ነቀላ ስታወርድ «እሰይ ልጄ» የሚል ወላጅ፣ ያችው ልጅ ዘፈንን ሙያዋ ላድርግ ስትል ፊቱ ይጠቁራል። «የኛ»ን የመሰለ ቡድን የወላጅን ጆሮ ሊያገኝ የሚችለው ስለ ትምህርትና ስለ ጋብቻ ዕድሜ በመናገሩ ነው። የክልሉም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል፤ መልእክቱ ከሕጉ ጋር የተስማማ ነበር።

የራሔል ጉዞ በዚያ መልእክት ላይ ሌላ ይጨምራል። ስለ ሴት ልጅ መብት በኅብረት የዘፈነች ወጣት፣ በኋላ የወደደችውን ዘፈን መርጣ በስሟ ስታቀርብና በሙያዋ ስትቆም፣ ያ መብት በተግባር ይታያል። አውራጇ ከተቀባዮቿ ተለይታ ብትዘፍን ዜማውን ከዚያው መስክ ይዛው እንደሄደች አድማጭ አይዘነጋም። ወላጅም ልጁ በጳጉሜን ያወረደችውን ድምፅ በሌላው ወር ሊያፍርበት አይገባም።