የጽዋ ማኅበርና የሠራተኛ ማኅበር፤ ከሞጣና ከቢቸና የተማርኩት

የዚህ የመገናኛ መጽሐፍ አዘጋጆች «ከታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ተማሪው ንቅናቄ ነበር። እሱን ግን ብዙዎቻችሁ ጽፋችሁታል፤ ያልጻፋችሁትም ቡና ላይ ስታወሩት ሰምቻለሁ። እኔ ስለ አንድ ቃል ልጻፍ፤ ስለ «ማኅበር»። አማርኛችን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ጽዋ የሚሰበሰቡትንም፣ ለደመወዝ ጭማሪ የሚፈርሙትንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ሁለቱ ማኅበሮች ግን በዘመኔ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ኖሩ። ይህ አገራችንን ምን እንዳስከፈላት የተረዳሁት በመጽሐፍ ሳይሆን ሞጣ ላይ ነው፤ እሱም ዘግይቶ።

በ1957 ዓ.ም. የገባን ተማሪዎች እንደምታስታውሱት፣ ሦስተኛ ዓመት ስንጨርስ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄደን ማስተማር ግዴታችን ነበር። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። እኔ በ1960 ዓ.ም. ጎጃም፣ ሞጣ ደረሰኝ። አዲስ አበባ ላይ በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» እያልኩ የጮኽኩ ሰው ነኝና፣ ገበሬውን ላነቃው የምሄድ ይመስለኝ ነበር። ማን ማንን እንዳነቃ ቀጥዬ እናገራለሁ።

የተከራየሁት ከአንድ ቄስ ግቢ ነበር። ወር በገባ በ23 ማኅበራቸው ይሰበሰባል። ደጋሹ በተራ ነው፤ ጠላና ዳቦ ይቀርባል፣ ጸሎት ይደርሳል፣ ከዚያ ሙሴው የወሩን ጉዳይ ያነሣል። በሬ የሞተበት ማን ነው? የታመመ ማን ነው? ማሳው ጦም ሊያድር የደረሰ አለ ወይ? አንድ ቀን ከመካከላቸው እግሩን የተሰበረ ነበርና፣ በማግስቱ 14 ጥማድ በሬ ሲወርድለት አየሁ። ስብሰባውን ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም። ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ፤ ግን እንደዚያ የጠነከረ ድርጅት ከዚያ በኋላ አላየሁም።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አዋጁ የቆየውን አሥራት አስቀርቶ፣ ገበሬው ከምርቱ በሚያገኘው ገቢ ልክ ግብር እንዲከፍል የሚያዝ ነበር። እንደ ሐሳብ መጥፎ አልነበረም፤ ብዙ ያለው ብዙ ይክፈል ነው የሚለው። ቄሱ አንድ ማታ ጠሩኝና፣

«ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ ይሄ ገቢ የሚሉት ምንድን ነው?» አሉኝ።

እኔም እንደ ኢኮኖሚክስ መምህር አስረዳሁ። ገማቾች መጥተው የእያንዳንዱን ማሳ ምርት ይገምታሉ፣ በባለቤቱ ስም ይመዘግባሉ አልኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«ባለቤቱ ማን ተብሎ ይጻፍ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። የጎጃም ርስት የአንድ ሰው አይደለም፤ ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለዱ ሁሉ ድርሻ የሚቆጥሩበት ነው። የአንዱን ስም ከጻፍክ የሌላውን ፋቅክ ማለት ነው። መገመት መለካትን ያመጣል፣ መለካት ቀላድን ያመጣል፣ ቀላድ ደግሞ በደቡብ ሰውን ጭሰኛ ያደረገ ነው ብለው ነበር የሚያስቡት። እኔ «መሬት ለአራሹ» እያልኩ የመጣሁት፣ መሬቱ በእጁ ያለና እንዳይነጠቅ የሚፈራ ገበሬ ዘንድ ነበር።

ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ መንግሥት የጎጃምን መሬት ለመለካት ሲነሣ ሕዝቡ ተቃውሞ ነበር። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀም በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጥቷል፤ ይህ በዚያ አገር ያልተረሳ ቁስል ነበር። በዚህ ላይ የጠቅላይ ገዥው የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ሕዝቡን አስመርሮት ነበር። ሕዝቡ መጀመሪያ ያደረገው አቤቱታ ማቅረብ ነው፤ ሽማግሌዎች መርጦ አዲስ አበባ ድረስ ላከ። ሳይሰማ ሲቀር ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት በ1960 አጋማሽ ላይ ሸፈቱ። ገማቾች አይገቡም ተባለ። መሪዎች ተመረጡ፣ ቃለ መሐላ ተገባ። የተጠራሩት በየደብሩ ነበር፤ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ገበያው መረባቸው ሆነ።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበባችሁ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ነገር ታስታውሳላችሁ። ከቢቸና ብዙ በማትርቀው በዲማ፣ ባላገሮች ተጨማሪ አንከፍልም ብለው ፊታውራሪውን ጦርነት ላይ ማረኩ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እውነተኛው አመፅ ሁለት ዓመት ቆይቶ መጣ። ደራሲው ጎጃሜ ናቸውና የሚያውቁትን ነው የጻፉት።

መንግሥት ጦር ላከ፤ ከአየርም ተደበደበ። ሕዝቡ ግን አልተፈታም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ግብሩም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ፣ የቆየ ውዝፍም ተሰረዘ። በዘመነ መንግሥቱ ዘውዱን አንድ አዋጅ ያስዋጠ የገበሬ እንቅስቃሴ ብዙ አይደለም። ይህ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ፊት ልምጣ። ከቄሱ ግቢ አጥር ማዶ አንድ ሙስሊም ሸማኔ ይኖር ነበር። ቡና እየጠጣን «እናንተስ ከአመፁ ጋር ናችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቅ አለና «ጋሼ መምህር፣ እነሱ ለርስታቸው ይሞታሉ። እኔ ርስት የለኝ፣ ለምኔ ብዬ ልሙት?» አለኝ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በዚያ መሐላ ውስጥ አልነበሩም። ማንም አልጠራቸውም። ያ እግሩ ለተሰበረ ገበሬ 14 ጥማድ ያወረደ ማኅበር፣ ሸማኔው ቢታመም የሚልከው አንድ ሰው አልነበረውም። ክፋት አልነበረም፤ አባል አይደለም፣ በቃ።

ወደ ስድስት ኪሎ ተመልሼ ያየሁትን ለጓደኞቼ ስነግር «ወግ አጥባቂ አመፅ ነው፣ የባላባትና የቄስ ሥራ ነው» ብለው ዘጉት። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ የምጸጸትበት ዝምታ ነው። ምክንያቱም በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሌላው ማኅበር እየተወለደ ነበር።

የምድር ባቡር ሠራተኞች ድሬዳዋ ላይ በ1939 ዓ.ም. ገደማ ማኅበር መሥርተው ነበር፤ አድማቸው ግን በኃይል ተደፈቀ። ሕጋዊ በር የተከፈተው በ1954 ማብቂያ በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ድንጋጌ ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ ከግንባር ቀደሞቹ መካከል የወንጂ ስኳር ሠራተኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት አገራችን የዓለም ሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 87 እና 98፣ ማለትም የመደራጀትንና በኅብረት የመደራደርን መብት አጸደቀች። አውሮፓ ውስጥ ጳጳሱ ሊዮ 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኛው ባወጡት መልእክት ማኅበሩን ደግፈው ነበርና፣ ከዚያ በኋላ ክርስቲያን የሠራተኛ ማኅበራት በብዙ አገር ተቋቁመዋል። እኛ ዘንድ ግን ቤተ ክርስቲያኑና ኮንፌዴሬሽኑ እየተያዩ ይተላለፉ ነበር። የሞጣ ገበሬ ሲደበደብ ከሠራተኛው ወገን ድምፅ አልሰማሁም። ሕጉም ሕይወቱም ስለ ገበሬው አያውቅም ነበር።

ከተመረቅሁ በኋላ ስሙን ከማልጠራው አንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ገባሁ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ጸሐፊ ሆንኩ። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑ የጠራው የመጀመሪያው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ። በአራቱ ቀናት የማኅበራችን ካዝና ባዶ ነበር። ያበሉን የሠፈሩ ዕድር ሴቶች ናቸው፤ እንጀራና ቆሎ በመሶብ ይዘው በር ላይ መጡ። ሞጣ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው ካህናት ሳይቀሩ ጭማሪ ጠየቁ። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ሙስሊሞች ለእኩልነት አዲስ አበባን ሲሞሉ፣ ከጎናቸው የተሰለፉ ክርስቲያኖች ነበሩ። ለጥቂት ወራት ሁለቱ ማኅበሮች ሊተዋወቁ ነው ብዬ ነበር።

ግን የራሴንም ልናገር። አድማው ካለቀ በኋላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ከሥራ ወጣች። ጊዜያዊ ቅጥር ስለነበረች አባል አልነበረችም። ጉዳዩ ኮሚቴው ዘንድ ቀረበ፤ «አባል ስላልሆነች አይመለከተንም» ተባለ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩትና የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ደጅ ጠብቃኝ «ጋሼ፣ ማኅበር አላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነበር እኮ» አለችኝ። የሸማኔው ጎረቤቶች ያደረጉትን እኔ በማኅተም አደረግሁት።

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ተባለ፣ የገበሬ ማኅበራት ከላይ ተደራጁ። ነጻው ኮንፌዴሬሽን ፈርሶ በ1969 በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ። «ማኅበር» የሚለው ቃል ኮታ ማስፈጸሚያ ሆነ። ሰዉ ቃሉን ፈራው፤ ወደ ጽዋውና ወደ ዕድሩ ተመልሶ ተሸሸገ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሞጣንና ቢቸናን ደጋግሜ ጎብኝቻለሁ። ከጮቄ ሥር ያለው ተዳፋት ተራቁቶ፣ አፈሩ በየክረምቱ ወደ አባይ ሲወርድ፣ ደን የቀረው በየደብሩ ዙሪያ ነው። የማንም ያልሆነውንና የሁሉም የሆነውን ዛፍ የጠበቀው ያው ማኅበር ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ግን ጠባቂ አላገኘም። የሰዉም ነገር እንዲሁ ነው። መሬት ያልደረሰው ወጣት ሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ቀን ሠርቶ ማታ ሜዳ ላይ ያድራል፤ ወባ ቢይዘው የሚያሳክመው፣ ሒሳቡን ቢከለክሉት የሚከራከርለት የለም። ሐዋርያው ያዕቆብ የጮኸው ስለ እነዚህ ስለ አጫጆች ደመወዝ እንደነበር ዲያቆናቱ በቃላቸው ያውቁታል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ ደግሞ፣ ያ ሸማኔ ጎረቤቴ ታወሰኝ። ከአጥር ማዶ ያለውን «አባል አይደለም» ብሎ መተው የት እንደሚያደርስ አየሁ።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። የጽዋው ማኅበር ሰውን በስሙ ያውቃል፣ ሲወድቅ ያነሣዋል፤ ግን ከአባሉ ውጭ አያይም። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ይከራከራል፣ በሃይማኖትና በትውልድ ሳይለይ ሊያደራጅ ይችላል፤ ግን ሰው ሲታመም ቤቱ አይሄድም፣ ያልፈረመውንም አያይም። የሚዘልቅ ኅብረተሰብ የምንሠራው የአንዱን ልብ ለሌላው ሕግ ስናውሰው ነው።

ይህ ሕልም ብቻ እንዳይሆን ለማኅበራችን ሁለት ነገር ላቅርብ፤ የእኛም ስም ማኅበር ነውና። በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ 10 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል፤ ከዚያ ያነሱም በጋራ መደራጀት ይችላሉ። የሕግ ምሩቃኖቻችን በመኸር ወራት ተራ ገብተው ለቀን ሠራተኞች ይህን ቢያስረዱ፣ ውል ቢጽፉላቸው፣ ከ14ቱ ጥማድ አያንስም። እናንተ በማስተማር ላይ ያላችሁ መምህራን በመንግሥት ሠራተኛነታችሁ ከዚህ አዋጅ ውጭ እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ፤ ከአጥር ውጭ መቆም ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ይፈጥናል። የ1960ን አመፅ በዓይናቸው ያዩ የሞጣና የቢቸና ሽማግሌዎች ዛሬ እንደ እኔ ሰማንያን እየተጠጉ ነው፤ ያለፉትም ብዙ ናቸው። የታሪክ ክፍል መምህራን ተማሪዎቻችሁን መቅረጫ አስይዛችሁ ላኩ። ገበሬውን ብቻ አይጠይቁ፤ የሸማኔውንም ልጆች ይጠይቁ። ቃለ ጉባኤው በዚህ ጊዜ ሙሉ ይሁን።