«ይበቃል» የሚለው ማን ነው?

በ1901 (እ.ኤ.አ.) መስከረም ላይ ለንደን የሚገኘው ሮያል አልበርት አዳራሽ በሰው ሞልቶ ነበር። መድረክ ላይ የወጡት ወንዶች ብረት ሊያነሱ አልመጡም፤ ገላቸውን ሊያሳዩ ነው። አዘጋጁ በጉልበቱም በቁመናውም ስሙ የገነነው ዩጂን ሳንዶ ሲሆን፣ አብረውት ለዳኝነት የተቀመጡት ቀራፂው ቻርልስ ሎውስና የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ነበሩ። ዛሬ ሰውነት ግንባታ የምንለው ስፖርት የመጀመሪያው ትልቅ ውድድር ይህ ነው ይባላል። ሳንዶ ያወጣው መስፈርት ታዲያ የጡንቻን ትልቅነት ብቻ አይጠይቅም ነበር። የአካል ክፍሎች መመጣጠን፣ ጤንነት፣ የቆዳ ሁኔታ ሳይቀር ይታያል። ግዙፍ መሆን ብቻውን ማንንም አያሸልምም ማለት ነው። ያሸነፈው የኖቲንግሃሙ ዊሊያም መሬይ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሴቶችን ክብደት በማሠልጠን የምተዳደር ሰው ነኝ። ጡንቻዬ ይደግልኝ የሚል ሰው ጂም ቢመጣ ማንም አይገረምም። «ይኼ በዛብኝ፣ ቀንሺልኝ» የምትል ስትመጣ ግን ጓደኛዋም ቤተሰቧም «ምን ነካሽ? ስንቱ የሚመኘውን!» ይላታል። የስፖርቱን ታሪክ የሚያውቅ በዚህ አይገረምም። «እስከ ምን ድረስ?» የሚለው ጥያቄ ከስፖርቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እኔን ሲከነክነኝ የኖረው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ይበቃል» የሚለው ማን ነው? የገላው ባለቤት ወይስ ሌላ ሰው?

ስቲቭ ሪቭስን እንውሰድ። በ1947 ሚስተር አሜሪካ የተባለው ይህ የሞንታና ልጅ አንገቱ፣ ክንዱና ባቱ በልክ እኩል እንዲሆኑ ይሠራ ነበር። አንዱ ከሌላው ሲበልጥበት የበለጠውን ያቆመዋል እንጂ «እሰየው» አይልም። እንዲህ ልኩን የሚያውቅ ሰው ሆሊውድ ሲደርስ ዳይሬክተሩ ሴሲል ደሚል «ሳምሶንና ደሊላ» ለተባለው ፊልሙ ሳምሶንን የሚጫወት ሰው ይፈልግ ነበር። ሪቭስ ራሱ እንደተረከው፣ ደሚል ካሜራ ሰውን ያገዝፋልና 15 ፓውንድ፣ ሰባት ኪሎ ያህል ቀንስ አለው። ሪቭስ መቀነስ ጀመረ፤ ግን ለዓመታት የለፋበትን ገላ ማፍረስ አልሆነለትም። ሚናው ለቪክተር ማቹር ተሰጠ፤ ፊልሙም በ1949 ወጣ። በ1958 ግን ሪቭስ በዚያው «በዛ» በተባለው ገላ ጣሊያን አገር ሄርኩለስን ሠራና ዓለም አወቀው። በ1949 ለሳምሶን የበዛው ያ ጡንቻ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ለሄርኩለስ ልክ ሆነ።

ሆሊውድ ባለበት በካሊፎርኒያ ቪንስ ጂሮንዳ የሚባል አሠልጣኝ ጂም ነበረው። በ1965 ሚስተር ኦሎምፒያ በተባለው የስፖርቱ ትልቅ ውድድር የመጀመሪያው አሸናፊ የሆነው ላሪ ስኮት ከዚህ ሰው እጅ የወጣ ነው። ጂሮንዳ ብረት ጀርባ ላይ ተሸክሞ ስኳት (ቁጭ ብድግ) መሥራትን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ዳሌና መቀመጫን ያሰፋል፣ የወገብን ቅጥነት ይሰርቃል ባይ ነው። በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋትን፣ የተለመደውን ቤንች ፕሬስም አይወድም። በእሱ ቤት አንድ እንቅስቃሴ የሚመዘነው ስንት ኪሎ ተነሳበት ተብሎ አይደለም፤ ገላው ላይ ምን ቅርጽ ጥሎ ይሄዳል ተብሎ ነው። በስኳቱ ነገር አልስማማበትም። ስኳት የዳሌን አጥንት አያሰፋም፤ ጭንና መቀመጫ ላይ የሚጨምረውም ሥጋ በክብደቱና በዙሩ ብዛት የሚወሰን ነው። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር። የሚሠራው ጡንቻ ያድጋል፣ የተተወው ይሟሽሻል፤ ስለዚህ የትኛውን እንደምንተው ማወቅ የትኛውን እንደምንሠራ ከማወቅ እኩል ሙያ ነው። ይህን በግልጽ ሲያስተምሩ ከነበሩት ውስጥ ጂሮንዳን የማስቀድመው ለዚህ ነው።

አርኖልድ ሽዋዘኔገር እንኳን ቀንሷል። በ1976 ለወጣው «ስቴይ ሃንግሪ» ፊልም ዳይሬክተሩ ቦብ ራፈልሰን ሌሎቹን ተዋንያን እንዳይውጣቸው ክብደት እንዲቀንስ ጠየቀው፤ ከ109 ኪሎ ገደማ ወደ 95 ወረደ። ቀረጻው ሲያልቅ መልሶ ገንብቶ በ1975 መጨረሻ ፕሪቶሪያ ላይ ሚስተር ኦሎምፒያን ለስድስተኛ ጊዜ ወሰደ። አንዴ የተገነባ ጡንቻ ቢቀንስም ሲመለስ ከመጀመሪያው ይልቅ ይፈጥናል፤ አርኖልድም የቀነሰው መመለሻውን እያወቀ ነው። ከእሱ በኋላ ከ1977 እስከ 1979 ሦስት ጊዜ ያሸነፈው የሒሳብ መምህሩ ፍራንክ ዜን ደግሞ ከ90 ኪሎ በታች ሆኖ ከራሱ የሚገዝፉትን በቅርጽ ረቷል። ለወንዶቹ ትንሽነት አንድ መንገድ ነበር፤ ያሻው ይመርጠዋል።

ለሴቶቹ እንዲህ አልነበረም። የቤቭ ፍራንሲስን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ቤቭ በ1955 አውስትራሊያ፣ ጂሎንግ ከተማ ተወለደች። መጀመሪያ አሎሎ ወርዋሪ ነበረች፤ ያሠለጠናትም ሯጩን ሮጀር ባኒስተርን ያሠለጠነው ፍራንዝ ስታምፍል ነው። ከዚያ ወደ ፓወርሊፍቲንግ ተሻግራ ከ1980 እስከ 1985 ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ቤንች ፕሬስ ላይ ከ300 ፓውንድ፣ ማለትም ከ136 ኪሎ በላይ በመግፋት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1983 ላስ ቬጋስ፣ ሲዛርስ ፓላስ ሆቴል በተካሄደ የሴቶች ሰውነት ግንባታ ውድድር ቀረበች። ውድድሩ ጆርጅ ቡትለር በ1985 ላወጣው «ፓምፒንግ አይረን 2» ዘጋቢ ፊልም የተቀረጸ ስለሆነ ዛሬም ማየት ይቻላል። ከእሷ የበለጠ ጡንቻ ይዛ የቀረበች ሴት አልነበረችም። ዳኞቹ ሴት ልጅ እስከ የት ድረስ ብትጠነክር ሴት ትባላለች በሚል ሲከራከሩ ካሜራው ይሰማል። ካርላ ደንላፕ አንደኛ ወጣች፤ ቤቭ ስምንተኛ። ተወዳዳሪን ጡንቻ ይዘሽ ነይ ብሎ ጠርቶ ጡንቻዋን በጥፋት መቁጠር ግፍ ነው፤ ሌላ ስም አላገኝለትም።

ቤቭ ስፖርቱን ትታ አልሄደችም። ቀነሰች። ለዓመታት በከባድ ስኳትና ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት ማንሳት) የተገነባ ጭንና ጀርባ በአንድ ወር አይወርድም። ጡንቻውን የገነባውን ሸክም ማቅለል፣ ዙሩን ማሳነስ፣ ምግብን መቆጠብ፣ ይህን ሁሉ ደግሞ ቅርጹ ሳይፈርስ ወራት ጠብቆ ማድረግ ይጠይቃል። ቤቭ በገላዋ ብቻ አላበቃችም፤ ፀጉሯን ቀላች፣ አፍንጫዋን በቀዶ ሕክምና አስተካከለች። ደረጃዋ ከፍ አለ፤ በ1987 የፕሮፌሽናሎች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ በሴቶቹ ኦሎምፒያ፣ በሚስ ኦሎምፒያም ሦስተኛ ወጣች። በ1990 ሁለተኛ ነበረች፤ ያሸነፈቻት ሌንዳ መሬይ ከበፊቶቹ አሸናፊዎች የገዘፈች ሴት ናት። ቤቭ ይህን አይታ በ1991 የቀነሰችውን መልሳ፣ ገዝፋ መጣች። በ1 ነጥብ ተበለጠች። ከዚያ በኋላ አልተወዳደረችም።

በ1992 የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሴት ተወዳዳሪዎች «ከመጠን በላይ» እንዳይገዝፉ የሚል መመሪያ አወጣ፤ ተቃውሞ ስለገጠመው ብዙም ሳይቆይ ተወው። በ2004 ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በሰውነት ግንባታም፣ በፊትነስም፣ በፊገርም ዘርፍ የሚወዳደሩ ሴቶች ጡንቻቸውን 20 በመቶ ይቀንሱ የሚል ደብዳቤ ተጻፈ። እንደ አሠልጣኝ ይህን ደብዳቤ እንዴት በሥራ ላይ እንደማውል አላውቅም። 20 በመቶው ከምን ላይ ነው? ከክንድ ዙሪያ ነው፣ ከክብደት ነው ወይስ ከዳኛው ዓይን? ለወንዶች በ2016 ክላሲክ ፊዚክ የተባለው ዘርፍ ኦሎምፒያ ላይ ሲጀመር ቁመትህ ይህን ያህል ከሆነ ክብደትህ ከዚህ አይለፍ የሚል ሰንጠረዥ ወጣ። ሚዛን ላይ የወጣ ሁሉ ልኩን ያውቃል፤ ወሰኑን ያልወደደ ደግሞ የክብደት ወሰን የሌለው ክፍቱ ምድብ ይጠብቀዋል። ሴቶቹ የተሰጣቸው ቁጥር ግን የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም።

ከ2014 በኋላ ሚስ ኦሎምፒያ ጭራሽ ቆመ። በ2020 ተመልሶ አንድሪያ ሾው አሸነፈች። ዛሬ መግዘፍ የምትሻም፣ በቢኪኒ ወይም በፊገር ቅጥን ብላ መውጣት የምትሻም የየራሷ መድረክ አላት።

እኔ ጋ የሚመጡት መድረክ የላቸውም። አንዲት ደንበኛዬ «ኮች፣ ትከሻዬ ሰፋብኝ፤ ቀሚስ አላምር አለኝ» ስትለኝ መጀመሪያ የጠየቅኋት ይህን ያላት ማን እንደሆነ ነው። «ማንም አላለኝም፣ በመስታወት ያየሁት ራሴ ነኝ፤ ድሮም ሸንቀጥ ማለት ነው የምወደው» አለችኝ። ይህን ከሰማሁ ክርክር የለኝም። ትከሻ የሚያሳድጉትን ከፕሮግራሟ አወጣሁ፤ ወደ ላይ መግፋቱንና ዳምቤል ወደ ጎን ማንሳቱን። መገጣጠሚያዋ እንዳይደክም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በቀላል ክብደት ጥቂት ዙር ተውኩላት። ብርታትን ለማቆየት የሚያስፈልገው ሥራ ለመገንባት ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው። በተረፈው ሰዓት በእግሯ ትሄዳለች፣ ብስክሌት ትነዳለች። ራሷን እንዳታስርብ ግን አጥብቄ ነገርኳት፤ ረሀብ የሚወስደውን አይመርጥም፣ ከትከሻው ጋር ጭኑንም ጉልበቱንም ይዞ ይሄዳል። ለውጡ በወራት እንጂ በሳምንታት እንደማይታይ ተነጋግረን ጀመርን። ዴድሊፍቱንም ላቀልላት ስል አይሆንም አለች፤ እሱን እንዳለ ተውነው።