ሰሞኑን ምን እየሰማችሁ ነው? ከጎንደር የተነሡ አልበሞችና ያልተጻፉ ስሞች

ሙዚቃ ወዳጆች ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ሰሞኑን ምን እየሰማህ ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የተጠያቂውን ዕድሜ፣ ያደገበትን ሰፈርና የሚናፍቀውን ነገር ሁሉ ያወጣበታል። እኔም ዛሬ ከጎንደር ከተማና ከዙሪያዋ ደጋ ጋር የተሳሰሩ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን ሥራዎች ከነምክንያታቸው ለአንባቢ ላቅርብ። የተማርኩት ሕግ ነውና ከዜማው ጎን ለጎን ስለ ባለቤቱ መጠየቄ አይቀርም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ እኔ ወደ ፍላሽና ወደ ሚሞሪ ካርድ ተመለስኩ። እዚያ ውስጥ ድንቅ ድንቅ ማሲንቆ ሞልቷል። ችግሩ የዘፋኙ ስም መኖር በነበረበት ቦታ ላይ የተጻፈው «ትራክ 07» መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድን ሥራ ስሰማ ማን ተጫወተው፣ ማን ገጠመው፣ የት ተቀዳ የሚሉትን ሦስት ነገሮች ሳላጣራ አላልፍም።

የእማሆይ ፒያኖ

ስምም ታሪክም በሚገባ ከተያዘለት ልጀምር። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በካይሮ የሙዚቃ ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ መንኩሰው በግሸን ማርያም አሥር ዓመት ያህል ኖረዋል። በ1950ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች ያያሉ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ባላቸው ሙዚቃ ሊረዷቸው አሰቡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች እንዲውል ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 21ኛው ቅጽ ሆኖ የወጣው የፒያኖ አልበማቸው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም፣ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ይህን አልበም የምሰማው ግራ እጃቸው የአውሮፓን ቫልስ ሲይዝ ቀኝ እጃቸው የአገራችንን ቅኝት ስለሚያንቆረቁር ነው። ፒያኖ ድምፁን እንደ ማሲንቆ የሚያጎብጥ መሣሪያ አይደለም። እሳቸው ግን በፈጣን ጣት ጌጡን ያመጡታል።

ደብሩና መንደሩ

እማሆይ ያጠኑት ዜማ ዛሬም በጎንደር ሕያው ነው። በዓታ ለማርያም የአቋቋም ምስክር ቤት ናት፤ ከየአገሩ የመጡ ደቀ መዛሙርት ከበሮውን፣ ጸናጽሉንና መቋሚያውን እዚያ ያስመሰክራሉ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ በካሴት፣ በኋላም በሲዲ ሲሸጥ የኖረውን የማኅሌት ቅጂ የሚሰማ ሰው፣ ከጎኑ ኬይ ሸለመይና ፒተር ጀፈሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያሳተሙትን የዜማ መድበል ቢያገኝ ይጠቀማል። ምልክቱን ከነድምፁ አስቀምጦለታል።

እኚሁ ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ጎንደር አካባቢ መጥተው በአምቦበር የቤተ እስራኤልን ጸሎት ቀድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍም የቤተ እስራኤል ሥርዓተ ጸሎት ከኢትዮጵያ ክርስቲያን መነኮሳት ትውፊት ጋር ሥር እንደሚጋራ አሳይተዋል። ማኅበረሰቡ ግን እ.ኤ.አ. በ1984ና 85፣ ቀጥሎም በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች አብዛኛው ወደ እስራኤል ሄደ። ዛሬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃን የሚያልፍ ሰው ያንን የግእዝ ጸሎት አይሰማም። በጊዜው ያልተቀዳ ነገር ከባለቤቱ ጋር ተነሥቶ እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለኝም።

በካሴት ዘመን የመጡት

ወደ ዓለማዊው ስንዞር አስቴር አወቀ ትቀድማለች። ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ አድጋ ወደ አሜሪካ ከተሻገረች በኋላ «አስቴር» እ.ኤ.አ. በ1989፣ «ካቡ» ደግሞ በ1991 ወጡ። ሁለተኛውን ያሳተመው ኮሎምቢያ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ነው። ከዓመታት በኋላ አንዱን አልበሟን «ጨጨሆ» ብላ በጋይንቱ ቦታ ስም ጠራችው። እኔ የምሰማት ለጉሮሮዋ ነው፤ ከኋላዋ ሳክስፎንና ኪቦርድ ቢደረደርም ድምፅ አመላለሷ የአዝማሪን ይመስለኛል።

ወጣቶቹ ወዳጆቼ ደግሞ ቴዲ አፍሮን ያነሣሉ። ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. የወጣው «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ነበር። በውስጡ ስለ ቋራው ካሣ፣ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተዘፈነ ይገኝበታል። ጎንደር ውስጥ ይህን የሚሰማ ሰው ዘፈን ብቻ አይሰማም፤ የአያቱን ወሬ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ይሰማል።

አዝማሪውና ሕጉ

ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረው አዝማሪ ግን የት ነው? በጎንደር ዙሪያ ያለው ቡርባክስ የአዝማሪ መንደር እየተባለ በጥናቶች ይጠቀሳል። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፍረውታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶች ጠንቋይና ተረት ነጋሪ ብለው ከሰበሰቧቸው ጋር አዝማሪዎችንም ፈጅተዋል። የእነዚያ አዝማሪዎች አልበም የለንም። ዘራቸውን በድምፅ ለመስማት የሚፈልግ ሰው «ኢትዮፒክስ» ሁለተኛውን ቅጽ ይፈልግ፤ የ1990ዎቹን (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባ አዝማሪ ቤት ከነጫጫታው ይዞታል።

እዚህ ላይ የሕጉን ነገር ላንሣ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 6 አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና ግዙፍነት ሲያገኝ ነው ይላል። ግዙፍነት ማለት በወረቀት፣ በቴፕ ወይም በመሰል ነገር ላይ መስፈር ነው። እንግዲህ በሠርግ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የወረወረው እንግዳና ያንኑ በቅጽበት ዜማ ያለበሰው አዝማሪ፣ ጨዋታው ካልተጻፈና ካልተቀዳ የሥራ አመንጪ ነን ብለው መከራከር ይቸግራቸዋል። አዋጁ ግን ከዋኙን አልረሳውም። ክዋኔው ያለ ፈቃዱ እንዳይቀዳ መብት ሰጥቶታል፤ ለተቀዳው ክዋኔም የ50 ዓመት ጥበቃ አድርጎለታል። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፍቷል።

መንገዱ መከፈቱ ደግ ነው። ነገር ግን ሮያሊቲ የሚከፈለው ስም ላለው ሰው ነው፤ «ትራክ 07» የባንክ ሂሳብ የለውም። አንድ ዜማ በአልበም ሽፋን ላይ «ሕዝባዊ» ተብሎ ሲታለፍ አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ግን ማንም ያልጠየቀው የአንድ ሰው ሥራ ነው። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ገበያ የመጣ ማሲንቆኛ ስቱዲዮ ገብቶ ሲመታ የዕለት ክፍያውን ተቀብሎ ይወጣል። ስሙ ካልተመዘገበ ልጁም ነገ የሚጠይቀው የለውም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ምን እየሰማህ እንደሆነ ለወዳጅህ ስትነግር የዘፋኙን ብቻ ሳይሆን የማሲንቆኛውንም ስም ጨምርበት። አልበም ስትገዛ የሽፋኑን ጀርባ አንብብ። በሠርግ ላይ በስልክህ ስትቀዳ አስቀድመህ አዝማሪውን አስፈቅድ፤ ከዚያ ስሙን፣ አገሩንና ቀኑን በፋይሉ ላይ ጻፍ። ወጪው አንድ ደቂቃ ነው። ለአዝማሪው ግን ማስረጃ ይሆነዋል፤ ማስረጃ የሌለው መብት ደግሞ ፍርድ ቤት ደርሶ ባዶ እጁን እንደሚመለስ እኛ የሕግ ሰዎች እናውቃለን።