አክምባሎ ሌንስ

ስክሌራል ሌንስን «አክምባሎ ሌንስ» ብዬ መተርጎም የጀመርኩት እናቶችን አስቤ ነው። ልጅ ከዓይን ክሊኒክ የኮት እጅጌ ቁልፍ የሚያክል፣ ጎድጎድ ያለ፣ ጠንካራና ጥርት ያለ ነገር ይዞ ሲመለስ እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው፣ «ይሄን ነው ዓይንህ ውስጥ የምትከተው? አይቆረቁርህም?» ብላ ነው። «ስክሌራል» የሚለው ቃል ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። አክምባሎ ግን አለው።

አስቀድሞ ሌንሱ የሚታዘዝለትን ሕመም እንወቀው። ኬራቶኮነስ ይባላል። ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ሲሆን አንዱ ቀንድ፣ ሌላው ሾጣጣ ማለት ነው። ቀንድ የተባለው የዓይናችን የፊት መስኮት፣ ብርሃን የሚገባበት ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ቀንድ ተፍቆ በጣም ሲሳሳ ብርሃን እንደሚያሳልፍ፣ የቀንድ ዋንጫን ወደ መስኮት አንስቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሐኪሞቻችን ይህን ሽፋን ኮርኒያ ይሉታል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ2003 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ «የዓይን ብሌን ልገሳ» በሚለው ጥሪ ብዙ ሰው ብሌን ማለትን ለምዷል። በድሮው አነጋገር ብሌን የሚባለው በይበልጥ ጥቁሩ የዓይን መሃል ነው፤ ቢሆንም ለጋሽና ተቀባይ የተግባቡበትን ቃል ከሕዝብ አፍ መንጠቅ አይገባም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ኬራቶኮነስን «ሾጣጣ ብሌን» እለዋለሁ።

ጤናማ ብሌን ክብነቱ የተስተካከለ ነው፤ መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። በዚህ ሕመም ብሌኑ እየሳሳ ይሄድና የሳሳው ቦታ ወደ ፊት፣ ብዙ ጊዜም ከመሃል ትንሽ ወደ ታች ወረድ ብሎ ይሾላል። አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ይጀምራል፤ እስከ ሠላሳዎቹ ዕድሜ ሊገፋ ይችላል። ማታ የመኪና መብራት ጭራ ያወጣል፤ አንዱ ፊደል ጥላ ይዞ ሁለት ሦስት ይሆናል። ተማሪው መነጽር ያሠራል፣ ከወራት በኋላ አልሆን ይለዋል፣ ሌላ ያሠራል። ቤት ውስጥ ጥፋቱ በስልክ ላይ ይላከካል። ከዚህ ሕመም ጋር በእርግጥ ተያይዞ የሚታወቀው ግን ዓይንን አጥብቆ ማሸት ነው። አለርጂ ኖሮበት፣ ባሳከከው ቁጥር ዓይኑን በእጁ ጀርባ የሚፈትግ ልጅ ያለው ቤተሰብ ማሳከኩን ቶሎ ያሳክም።

መነጽር ለምን ያቅተዋል? የሾጣጣው አንዱ ጎን ከሌላው ጎን አይገጥምም፤ የመነጽር መስታወት ደግሞ የሚያርመው ሥርዓት ያለውን ጉድለት ነው። ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ ይመቻል፤ ግን እርጥብ ነጠላ ድንጋይ ላይ ሲጣል የድንጋዩን ቅርጽ እንደሚይዝ፣ እሱም የብሌኑን ጉብታ ይዞ ይተኛል። ጠንካራ ሌንስ ቅርጹን አይለቅም። በእሱና በብሌኑ መካከል ያለውን ክፍተት እንባ ይሞላዋል። እንባ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ከብሌን ጋር ስለሚቀራረብ ወጣ ገባው ለብርሃኑ የሌለ ያህል ይሆናል፤ የተቦረቦረ መንገድ ውሃ ሲሞላው ከላይ ሜዳ እንደሚመስለው ማለት ነው።

ችግሩ ምቾት ላይ ነው። የተለመደው ጠንካራ ሌንስ 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት ብሌኑ ላይ ይቀመጣል፤ ብሌን ደግሞ በሰውነታችን ውስጥ ነርቭ እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሌንሱ በሾጣጣው ጫፍ ላይ ሚዛን እንደጠፋበት ሰው ይወዛወዛል፣ ይፈትጋል፣ አንዳንዴም ዓይን ሲርገበገብ ተስፈንጥሮ ይወድቃል። በበጋ ነፋስ አንዲት ቅንጣት አቧራ ከሥሩ ከገባች መንገድ ዳር ቆሞ ማልቀስ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «የእኔ ዓይን ሌንስ አይቀበልም» ብሎ ሌንሱን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ያልተስማማው ሌንሱ ያረፈበት ቦታ ሆኖ ሳለ ሰው በገዛ ዓይኑ ይፈርዳልና።

አክምባሎ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አክምባሎ ከምን ይሠራ ከምን፣ ከንፈሩ የሚያርፈው በምጣዱ ጠርዝ ላይ ነው። ከሥሩ ያለውን እንጀራ አይነካም፤ ከነካው እንጀራው ይበላሻል። መሃሉ ከፍ ብሎ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል። ስክሌራል ሌንስም እንደዚሁ ነው። ስክሌራ የዓይን ነጩ ነው። የብሌን ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ይህ ሌንስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ ብሌኑን ሙሉ በሙሉ ዘሎ፣ ስሜቱ እጅግ በቀነሰው ነጩ ላይ ያርፋል። ከሥሩ የሚይዘው ፈሳሽ ነው። በሌንሱና በሾጣጣው ጫፍ መካከል የሚቀረው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ቢሆን ነው፤ ብሌኑ ግን አይነካም። «የዓይን ነጭ ሌንስ» ማለትም ይቻል ነበር። የት እንደሚያርፍ ይናገራል፤ ለምን እንደማይቆረቁር ግን አይናገርም።

የሚገርመው ይህ ዓይነት ሌንስ የመጀመሪያው ኮንታክት ሌንስ መሆኑ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ፊክ ዙሪክ ሆኖ በ1888 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራው ሲጽፍ፣ ሌንሱ ነጩ ላይ የሚያርፍ የመስታወት ቅርፊት ነበር፤ ከሥሩ የወይን ስኳር ውህድ ይሞላበት ነበር። አስቀድሞ በጥንቸሎች፣ ቀጥሎ በራሱ ዓይን ላይ ሞከረው። በዚያው ዓመት ኧዤን ካልት የተባለ ሐኪም ፓሪስ ውስጥ ለሾጣጣ ብሌን ሕመምተኞች የመስታወት ቅርፊት አደረገላቸው። ያኔ የተቸገሩት በአየር ነው። ብሌን የደም ሥር ስለሌለው ኦክሲጅን የሚያገኘው በእንባ በኩል ከአየሩ ነው፤ መስታወት ደግሞ አያሳልፍም። ሰው ከጥቂት ሰዓት በላይ ሊያደርገው አልቻለም። ኦክሲጅን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ እስኪገኝ ድረስ አሳቡ መቶ ዓመት ገደማ ጠበቀ።

ከቃሉ ጋር አንድ ግሥም አብሮ ቢለመድ እወዳለሁ፤ «ሌንስ ገዛሁ» ከማለት «ሌንስ ተለካሁ» ማለት። ምቾቱ ያለው ልኩ ላይ ነውና። ሐኪሙ ቀለም ያለው ፈሳሽ ከሌንሱ ሥር አድርጎ በሰማያዊ ብርሃን ያየዋል፤ ቀለሙ የጠፋበት ቦታ ሌንሱ ብሌኑን የነካበት ነው። ሌንሱ በሰዓታት ውስጥ ሰርጎ ዝቅ ስለሚል፣ በገባ በአምስት ደቂቃ «ልክ ነው» የተባለው ከሰዓት በኋላ ሊነካ ይችላል። ከንፈሩ ከጠበቀ ነጩን ይጫነውና ሲወጣ ክብ ምልክት ትቶ ዓይንን ያቀላል፤ ከላላ አየር ይገባል፣ ይጉማል። የመጀመሪያው ሌንስ ተመልሶ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቢሠራ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። እኩለ ቀን ላይ መጉም ደግሞ ብዙዎችን ያጋጥማል፤ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ፈሳሹን ቀይሮ መመለስ ነው።

አገባቡም ልምምድ ይፈልጋል። ሌንሱ መከላከያ ኬሚካል በሌለበት ንጹሕ የጨው ውህድ እስከ አፉ ይሞላል፤ ፊት ወደ ጠረጴዛው ተደፍቶ፣ ዓይን ወደ ታች እያየ ይገባል። አረፋ ከገባበት እንደገና ነው። የቧንቧ ውሃ ፈጽሞ አይነካውም፤ በውሃ ውስጥ የሚኖር አካንታሚባ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ብሌንን ክፉኛ ያቆስላል። ጸበል የሚጠመቅም፣ ፊቱን የሚታጠብም ሌንሱን አስቀድሞ ያውጣ። ሌንሱ ዓይን ውስጥ እያለም አይተኛም።

አክምባሎው እይታን ይመልሳል እንጂ መሾሉን አያስቆምም። መሾሉን የሚገታው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በድሬስደን የተጀመረው፣ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ ከአልትራቫዮሌት ብርሃን ጋር ተሰጥቶ ብሌኑን የሚያጸና ሕክምና ነው፤ እሱ የሚጠቅመው ሕመሙ ሳይገፋ ሲደረስበት ነው። ብሌኑ መሃል ላይ ጠባሳ ካወጣ ደግሞ የሚቀረው ንቅለ ተከላ ነው። ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «ስክሌራል» ስለሆነ ያንን ይያዝ፤ ለእናቱ ግን ምጣዷን ያሳያት።