የዕፀዋት ተመራማሪዎች የዶክትሬት ሥልጠና፤ ከኡፕሳላ እስከ መንዝ ጓሳ

የአገራችን ዕፀዋት በዘመናዊው ሳይንስ ዘዴ መመርመር የጀመሩት በውጭ አገር ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ የሐሪስ ጓድ፣ ሮት የተባለ የተፈጥሮ ሳይንስ ባለሙያ ይዞ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የተሰበሰቡት ናሙናዎች በብዛት የተቀመጡት በአውሮፓ ነው። ስለዚህም ኢትዮጵያዊው ምሁር የገዛ አገሩን ሣር ስም ለማረጋገጥ ባሕር ማቋረጥ ግድ ይለው ነበር።

ይህን ሁኔታ የለወጡት ሁለት ተግባራት ናቸው። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊው ሄርባሪየም መቋቋሙ ነው። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተጀመረው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ የዕፀዋትን መጽሐፍ ከማዘጋጀት ጋር ሰው ማሠልጠንንም ዓላማው አደረገ። ይኸውም ወጣት ምሁራን ወደ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ እየተላኩ ለዶክትሬት ሲማሩ፣ የሚመረምሩት የአገራቸውን ዕፀዋት ነበር። መስፍን ታደሰ በ1984፣ ሰብስቤ ደምሰው በ1985 በዚሁ መንገድ ዶክትሬታቸውን አገኙ። ዘሪሁን ወልዱም የመካከለኛው ሸዋ ደጋ ሣር ከአፈሩና ከግጦሹ ጋር ያለውን ግንኙነት መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በ8 ጥራዞች፣ በ10 መጻሕፍት የተፈጸመው ፍሎራ 6,000 ያህል የዕፀዋት ዓይነቶችን የያዘ ሲሆን፣ የእነዚህ ሠልጣኞች ድካም ጉልህ ፍሬ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1987 የራሱን የዶክትሬት ትምህርት ጀመረ።

ይሁን እንጂ ዕፀዋትን መለየት አንድ ነገር ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ነው። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚያገለግለው ሣር ሲሆን፣ ጥበቃው ከ17ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ እንደ ነበር በአካባቢው ይነገራል። የርስት ባለቤቶች የመረጡት አለቃ ጓሳውን ለዓመታት ይዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፍት ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲሽር የጥበቃው መሠረትም ተናጋ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ዘለዓለም ተፈራ በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ይህንኑ የጋራ አጠባበቅ የመረመረ ነው። ገበሬው በልማድ ያቆየው ሕግ በዩኒቨርሲቲ እንደ ዕውቀት ተቆጠረ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ የዶክትሬት ሥልጠና የሚፈይደው ተማሪው የሚመረምረው ቦታ፣ የሚሰበስበው ናሙናና የሚደርስበት ውጤት በአገሩ ሲቀሩ ነው። የቀረው ጉድለት ግን ቀላል አይደለም። የምርምሩ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ ስለ ጓሳ የተጻፈው የመንዝ ልጅ በሚማርበት ክፍል በቀላሉ አይደርስም። ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ለእያንዳንዱ የዶክትሬት ጥናት ገንዘብ ሲመድቡ፣ አጭር የአማርኛ ቅጂ ጥናቱ ለተደረገበት ወረዳ ትምህርት ቤቶች እንዲደርስ ቢደነግጉ መልካም ነው። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደ ሜዳ አውጥተው ሽማግሌ የሚያውቀውን ሣር በስሙ ሊያስመዘግቧቸው ይገባል። የነገው የዕፀዋት ተመራማሪ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።